ቀይ ስር ጠጥቼ ስሮጥ

ድሬዳዋ ላይ የሚሮጥ ሰው ከፀሐይ ጋር ነው የሚሽቀዳደመው። እኔ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከከዚራ እነሳለሁ፤ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ግን እግሬ አልታዘዝ ይለኛል። አብሮኝ የሚሮጥ ልጅ «ቀይ ስር ሞክር» አለኝ።

ነገሩ ቀይ ስር ውስጥ ያለው ናይትሬት ነው። ምላሳችን ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ሰውነት ከዚያ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሠራል። እሱ የደም ሥር ያሰፋል፤ ጡንቻም ያንኑ ሥራ ባነሰ ኦክስጅን ይሠራል። በ2009 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ 8 ወንዶችን ለ6 ቀን በየቀኑ ግማሽ ሊትር ጭማቂ አጠጣ። ከባድ የብስክሌት ሙከራ ላይ እስኪደክማቸው የቆዩበት ጊዜ በ16 በመቶ ገደማ ረዘመ።

እኔ ግን ሁለት ሳምንት ጠጥቼ ምንም! ያየሁት ለውጥ ሽንቴ መቅላቱ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ቀን ደም መስሎኝ ክው ብዬ ቀርቻለሁ።

ለካ ጥፋቱ የራሴ ነው። እናቴ ለሰላጣ እንደምታደርገው ቀቅዬ ውሃውን እደፋ ነበር፤ ናይትሬቱ ደግሞ ከውሃው ጋር ይሄዳል። የተረፈችውንም ልሮጥ ስል ነበር የምጨልጣት። ሆዴ ውስጥ እየተንቦጫረቀች ትሮጣለች እንጂ አትሠራም፤ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ትፈልጋለች። ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን ጠዋት ጠዋት የምጉመጠመጠው ፀረ ባክቴሪያ የአፍ ማጠቢያ ነው። ሥራውን የሚሠሩልኝን ባክቴሪያዎች በገዛ እጄ እፈጃቸው ነበር።

አሁን ከሐረማያ የሚመጣውን ጥሬውን ፈጭቼ እጨምቃለሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ ቀይ ስር መጠጣት እብደት ስለሆነ ሩጫውን ወደ ማታ 12 ሰዓት አዞርኩት። ድሬ ጫቷን ይዛ ስትቀመጥ እኔ ብርጭቆዬን ይዤ እቀመጣለሁ። ጓደኞቼ «አቦ አታካብድ!» ይሉኛል።

ፍጥነቴ አልጨመረም። ግን የመጨረሻዎቹን 2 ኪሎ ሜትር በእግር መጨረስ ቀርቷል። ሰዓቱን መቀየሬም ረድቶኝ ይሆናል፣ አልክድም። በደንብ የሠለጠነ ሯጭ ላይ ደግሞ ጥቅሙ ያንሳል ይባላል፤ እኔ እንደሆነ ገና ነኝ። አክስቴ «ለእኔም ጭመቅልኝ» ስትል ግን እምቢ አልኳት። የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ቀይ ስር ደግሞ ግፊት ያወርዳል። መጀመሪያ ሐኪሟን ትጠይቅ። የኩላሊት ጠጠር ያለበትም እንደዚሁ።

ሎሚ ጨምሬበታለሁ። የአፈር ጣዕሙ ግን አሁንም አልለቀቀውም።