እጇ

የደሴው ጦሳ ተራራ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ጉም እንደለበሰ ዋለ። እንዲህ ባለ ቀን በር ዘግቼ ቡና አፍልቼ ዝም ማለት ነው የምወደው። ቶናው ሲቀዳ ልጅቷ የቆሎውን ሳህን አየችና «እማ፣ የጥርሴ ሽቦ ከታሰረልኝ ቆሎ የለም አይደል?» አለችኝ።

የለም። ሸንኮራም የለም፣ የተጠበሰ በቆሎም የለም። ጠንካራ ነገር ጥርሷ ላይ የሚለጠፈውን ብረት ይነቅለዋል።

ጣጣው የክራንቻዋ ነው። የላይኛው ክራንቻ ከፊተኞቹ ጥርሶች ዘግይቶ፣ በ11 በ12 ዓመት ገደማ ነው የሚወጣው። የእሷ ሲመጣ ቦታው ተይዞ ጠበቀው፤ ከላይ ድዷን ገፍቶ ወደ ውጭ በቀለ። እዚህ ያየን ሐኪም አዲስ አበባ ሽቦ ወደሚያስር ስፔሻሊስት ጻፈልን። ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ በየወሩ በየሁለት ወሩ እየሄዳችሁ ሽቦው ጠበቅ ይደረግላታል አለን። 400 ኪሎ ሜትር! ቶሎ ቶሎ ጠበቅ ቢደረግ አያጥርም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ጥርሱ የሚሄደው እኮ አጥንት ውስጥ ነው፤ በሚገፋበት በኩል አጥንቱ እየሟሟ ከኋላው አዲስ እየተተካ። ቢጣደፉ ሥሩ ይጎዳል። ሽቦው ከተፈታም በኋላ ጥርሱን ባለበት የሚይዘውን ማስያዣ ካላደረገች ወደነበረበት ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ እየሰማሁ ነበር። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «እስቲ ሳቂልኝ» አላት። እጇ ብድግ አለ። አራቱ ጣቶች ገጥመው ከንፈሯ ላይ፣ አውራ ጣቷ ጉንጯ ላይ፣ ፊቷ ወደ ትከሻዋ ዘንበል። የራሴን እጅ ነው ያየሁት።

ክራንቻዋ ከወጣ ገና ስምንት ወሩ ነው፣ ከዚያ የመጣ ይሆናል ብዬ ነበር። ማታ ከመዋዕለ ሕፃናት የተመረቀች ቀን የተነሳነውን ፎቶ አውጥቼ አየሁ። ያኔ የወተት ጥርሶቿ እንደ ማሽላ ፍሬ ተደርድረው ነበር፤ እኔ ነኝ የማጥባቸው፣ አውቃለሁ። ፎቶው ላይ ግን አይታዩም። እጇ ሸፍኗቸዋል። አጠገቧ እኔ አለሁ፣ ነጠላዬ አፌ ላይ።

አያቴ ድዷን ተነቅሳ ነበር፣ ጥርሷ ነጥቶ እንዲታይ ብላ። ስትስቅ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ነው፣ ለጎረቤት ሁሉ የሚሰማ ሳቅ። እኔ አምስተኛ ክፍል ሆኜ «ገጣጣ» አሉኝ። እጄ ያኔ ወጣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልወረደም።

ለክራንቻዋስ ቦታ ይሠራለታል፣ ብሩን እንደምንም እናሟላለን። እጇን ነው እኔን የከበደኝ። ልንገራት? «እኔን አይተሽ ነው፣ ምንም የሚደበቅ ነገር አልነበረሽም» ልበላት? ብነግራት ደግሞ ከነገ ጀምሮ በሳቀች ቁጥር ስለ እጇ ልታስብ ነው።