ለንደን ላይ አፍተርኑን ቲ፦ ዋናው ብራዱ ነው

ለንደን ውስጥ ስም ያላቸው ሆቴሎች ለአፍተርኑን ቲ፣ ማለትም ከሳንድዊችና ከኬክ ጋር ለሚቀርብ የከሰዓት ሻይ፣ በነፍስ ወከፍ በአብዛኛው ከ60 እስከ 90 ፓውንድ ያስከፍላሉ። ሻምፓኝ ከተጨመረበት ከዚያም ያልፋል። ይህን ያህል ከፍሎ የገባ ሰው ግን ዓይኑ የሚያርፈው ባለ ሦስት ፎቁ የኬክ ማቆሚያ ላይ ነው። ፎቶ ይነሳል፣ ሳንድዊቹ ያልቃል፣ ሻዩ ብራድ ውስጥ ተረስቶ እንደ ኮሶ ይመራል። ኬክ በየሰፈሩ አለ፤ እዚህ የሚከፈለው ለሻዩና ለተቀመጡበት ሰዓት ነው።

ስሙን እናጥራ። ብዙ ሰው «ሃይ ቲ» ሲል የላቀ የጌቶች ግብዣ ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሃይ ቲ የእንግሊዝ ሠራተኛ ከሥራ ሲመለስ ከሥጋ፣ ከዳቦና ከአይብ ጋር የሚበላው የማታ እራት ነበር። ሆቴሎቹ የሚሸጡት አፍተርኑን ቲ ነው፤ በ1840 አካባቢ የቤድፎርድ ዱቼስ (የመስፍን ሚስት) አና በምሳና በእራት መካከል የሚሞረሙራትን ረሃብ ለማስታገስ ጀመረችው ይባላል። ከሁለቱም የሚለየው «ክሪም ቲ» ደግሞ ሻይ፣ ስኮን (ትንሽ ወፍራም የቂጣ ዓይነት)፣ ማርማላታና ክሎትድ ክሪም (የረጋ ወፍራም ክሬም) ብቻ ነው። ስኮን ብቻ ካማራችሁ ይህን እዘዙ፤ ከሙሉው በብዙ ይረክሳል።

ቦታ መያዝ ግድ ነው፣ ለቅዳሜና እሑድማ ከሳምንታት በፊት። የሚሰጣችሁ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ፤ «4፡00» ማለት በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። አንድ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ ጠረጴዛው ለሌላ እንግዳ ይፈለጋል። ሪትዝ ሆቴል በቀን በርካታ ዙር ስለሚያስተናግድ የመጀመሪያው ከምሳ በፊት ይጀምራል፤ «የከሰዓት ሻይ» በረፋድ! ሳትጣደፉ መቀመጥ ከፈለጋችሁ የመጨረሻውን ዙር ያዙ፣ ከኋላችሁ የሚጠብቅ የለም። በአለባበስ ሪትዝ ለወንዶች በኮትና በከረባት ደንቡ ይታወቃል፤ ሌሎቹ ሸሚዝና ንጹሕ ጫማ ይበቃቸዋል። የስፖርት ልብስና የተቀዳደደ ጂንስ ግን በር ላይ ሊያስመልስ ስለሚችል ቦታ ስትይዙ የልብስ ደንቡን አንብቡ።

ወደ ብራዱ እንመለስ። ሜኑው ላይ ሃያ ስም ቢደረደርም አምስቱን ማወቅ ይበቃል። አሳም ወፍራም ነው፣ ብቅል ብቅል ይላል፣ ወተት ይችላል። ሲሎን ጥርት ያለና ለማንም የሚስማማ ነው። ዳርጂሊንግ ስስ ነው፣ አበባ አበባ ይሸታል፣ ወተት ይገድለዋል። ኧርል ግሬይ ቤርጋሞት በሚባል የብርቱካን ዘመድ ልጣጭ ዘይት ሽታ የተሰጠው ሻይ ነው። ላፕሳንግ ሱሾንግ ደግሞ በጥድ ጭስ የሚደርቅ የቻይና ሻይ ሲሆን፣ የታጠነ ጋን ለሚያውቅ አፍንጫ እንግዳ አይሆንም። ለሳንድዊቹ ሲሎን ወይም ዳርጂሊንግ፣ ለስኮኑ አሳም ያስኬዳል፤ የክሪሙን ስብ ከምላስ የሚያጥበው ወፍራም ሻይ ነውና። የታጠነ ሳልመን ዓሣ ካለ ላፕሳንግ ጥሩ ጓደኛው ነው። ብዙ ሆቴሎች መሀል ላይ ሻይ መቀየር ይፈቅዳሉ፣ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አይነግራችሁም።

ቀረፋና ቅርንፉድ የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ሻዩ ባዶ ሊመስለው ይችላል። ስኳሩንም ከመጨመራችሁ በፊት አንዴ ቅመሱ፤ ማርማላታውና ኬኩ ጣፋጭ ስለሆኑ በሦስት ማንኪያ ስኳር ላይ ሲደረቡ ይሰለቻሉ።

መጠኑ ለአንድ ስኒ፣ ማለትም ለ200 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ፣ ከ2 እስከ 3 ግራም ቅጠል ነው። ጥቁር ሻይ ገና ከእሳት በወረደ ፍል ውሃ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ አረንጓዴ ሻይ 75 እስከ 80 ዲግሪ በሆነ ውሃ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይበቃዋል። ችግሩ የሚመጣው ቅጠሉ ብራዱ ውስጥ ሲቀር ነው። የመጀመሪያው ስኒ ሸጋ ይሆናል፤ ሁለተኛውን ስትቀዱ ሩብ ሰዓት አልፏል፣ ታኒን የሚባለው የሻይ መራራ ንጥረ ነገር ወጥቶ ምላስ ያደርቃል። ስለዚህ ብራዱ ሲመጣ አስተናጋጁን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቅጠሉ ውስጥ ነው ወይስ ተጠልሏል? ውሃው ከተጨመረ ስንት ደቂቃ ሆነው? ቅጠሉ ውስጥ ከሆነ ጊዜው ሲደርስ ማጥለያውን አስቀምጣችሁ ለሁሉም ስኒ በአንድ ዙር ቅዱ፣ ብራዱ ባዶ ይቅር። አጠገቡ የሚቀመጠው የፍል ውሃ ማንቆርቆሪያ ዋና ሥራው ስኒ ውስጥ የወፈረውን ማቅጠን ነው። እንደ ቡና ቶናና በረካ አወጣለሁ ብሎ ያረጀው ቅጠል ላይ ውሃ መጨመር ግን አያዋጣም፤ ጥቁር ሻይ ጉልበቱን በመጀመሪያው ውሃ ይጨርሳል። በአዲስ ቅጠል ሌላ ብራድ ጠይቁ።

የለንደን ውሃ ካልሲየም ስለሚበዛበት ሻዩ ላይ ስስ ቡናማ ስልባቦት ቢያንሳፍፍ የንጽሕና ጉድለት እንዳይመስላችሁ። ወተት ያባብሰዋል፣ የሎሚ ቁራጭ ይቀንሰዋል። ሁለቱን አንድ ስኒ ውስጥ ግን አታገናኟቸው፣ የሎሚው ኮምጣጣ ወተቱን ይቋጥረዋል። ወተት ይቅደም ወይስ ሻይ የሚለው ክርክር እንግሊዞችን ዛሬም ያጣላል። ሆቴል ውስጥ ሻዩን አስቀድሙ፤ ቀለሙን ሳያዩ ወተት መመጠን አይቻልም። ትንሿን ጣት ወደ ላይ መቀሰር ደግሞ የጨዋነት ምልክት አይደለም፣ የፊልም ነገር ነው።

ማቆሚያው ከታች ወደ ላይ ይበላል፦ ታች ሳንድዊች፣ መሀል ስኮን፣ ላይ ኬክ። ሳንድዊቹ ቅርፊቱ ተቆርጦ የጣት ያህል ቀጥኖ ይመጣል። የተለመዱት ኪያር፣ እንቁላል በማዮኔዝ፣ ሳልመን፣ ካም (የአሳማ ሥጋ) በሰናፍጭ፣ እንዲሁም በ1953 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ መጫኛ የተፈለሰፈው የካሪ ዶሮ ናቸው። የወጥ ቤቱ ጥራት የሚታወቀው በኪያሩ ነው። ኪያር ውሃ ያወጣል፤ የገበታ ቅቤው እስከ ዳቦው ጫፍ ካልተቀባ ዳቦው ይረጥባል። የዳቦው ጠርዝ ወደ ላይ ከታጠፈ ደግሞ ቀድሞ ተቆርጦ ሳይሸፈን ቆይቷል ማለት ነው፣ ይቀየርልኝ ማለት ነውር አይደለም። ሳንድዊች በብዙ ቦታ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይደገማል፣ ለኬኩ ሆድ ማስቀረት ግን የእናንተ ፈንታ ነው።

ስኮን ሲበርድ ዋጋ የለውም። ሳንድዊቹን ስትጨርሱ ትኩሱን እንዲያመጡላችሁ ገና ስታዝዙ ንገሯቸው። ጥሩ ስኮን ወገቡ ላይ የተፈጥሮ ስንጥቅ አለው፣ በእጅ ያዝ ሲያደርጉት ለሁለት ይከፈላል፤ ቢላ ይጨፈልቀዋል። እንደ አሸዋ ከፈረሰ አርጅቷል። እንደ ዳቦ ከተሳሳበ ሊጡ ከመጠን በላይ ታሽቷል። ሲመጣ የሚያቃጥል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደ ጎማ የሚሆን ከሆነ ማይክሮዌቭ ውስጥ ገብቶ ነበር። ክሎትድ ክሪም የተመታ ክሬም አይደለም፤ ክሬሙ በዝግታ ሞቆ ቀዝቅዞ ሲረጋ የሚገኝ፣ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለው የኮርንዎል አውራጃው ቢያንስ 55 በመቶ ስብ ያለው ነገር ነው። ጎረቤቶቹ ዴቨኖች ክሪሙን ከታች ማርማላታውን ከላይ፣ ኮርንዎሎች በግልባጩ ይቀባሉ። እኔ ከኮርንዎሎች ጋር ነኝ፤ ትኩስ ስኮን ላይ በቀጥታ የተቀባ ክሪም ቀልጦ ይፈሳል። ሁለቱን ግማሾች መልሶ መግጠም ግን በሁለቱም አገር አያስከብርም።

ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም ለምትሄዱ፦ «ቬጀቴሪያን» ብላችሁ እንዳታዝዙ፣ እንቁላል፣ ቅቤና ክሪም ይዞ ይመጣል። የሚፈለገው ቃል «ቪጋን» ነው፣ እሱም ቦታ ስትይዙ ካልተነገረ በዕለቱ ላይገኝ ይችላል። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም የ10 ሰዓቱ ዙር ልኩ ነው። አሳማ ለማይበላ ሁሉ ካሙን ማስቀየር ቀላል ነው፤ የሚያመልጠው የኬኩ ፎቅ ነው። ሙስ የሚባለው አረፋ መሰል ጣፋጭና ጄሊ ውስጥ የሚገባው ማርጊያ፣ ጄላቲን፣ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ነው፣ አንዳንዱ ኬክ ደግሞ በሩም ወይም በሌላ መጠጥ ይርሳል። ሙስሊም እንግዳ ይዛችሁ ከሆነ ሁለቱን ለየብቻ ጠይቁ፤ «ሥጋ የለበትም» የሚለው መልስ አይበቃም።

ከለንደን ውጭ ለሚሄድ፣ እንግሊዝ ሃሮጌት ከተማ ያለው ቤቲስ ሻይ ቤት ከ1919 ጀምሮ፣ ስኮትላንድ ግላስጎው ያለውና አርክቴክቱ ማኪንቶሽ ለሻይ ቤት ባለቤቷ ለኬት ክራንስተን የነደፈው የዊሎው ሻይ ቤት ከ1903 ጀምሮ ስማቸው የሚነሳ ናቸው። ግላስጎው ላይ ከምግቡ ይልቅ ወንበሩን ለማየት መሄድም ያስኬዳል።

ሒሳቡ ሲመጣ ከ12.5 እስከ 15 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተደምሮ ሊሆን ስለሚችል ሳታዩ ሌላ ቲፕ አታስቀምጡ። የተረፈውን ኬክ በካርቶን ጠይቁ፣ ብዙዎቹ ሳያቅማሙ ይሰጣሉ። ክሬም ያለበት እዚያው ማታ ይበላ። ስኮኑ ለማግስቱ ይቆያል፤ 160 ዲግሪ በሞቀ ምድጃ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይበቃዋል።