ገመዱን ያስፈቱት ጋሼ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! የድሬ ልጆች፣ ከድሬ የራቃችሁም።

ይህን የምጽፈው ዶሮው እሳት ላይ እያለ ነው። ማታ የአእምሮ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነኝ። የቀኑን ሙስሊሙ ባልደረባዬ ያዘልኝ። ለኢድ እኔ እይዝለታለሁ፤ ሰባት ዓመት እንዲህ ዘልቀናል። ኑርልኝ ወንድሜ።

ዘንድሮ ግን በዓሉ ጎደለብኝ። የክፍላችን ጥበቃ ጋሼ የሉም። በሐምሌ ቀበርናቸው።

አምና የቁልቢ ገብርኤል ዕለት፣ ታኅሣሥ 19 ሌሊት፣ ሚኒባስ በራችን ላይ ቆመ። አንድ ወጣት እጁ የኋሊት ታስሯል። አራት ሌሊት አልተኛም። ድምፅ ይሰማዋል፤ "ሊገድሉኝ ነው" ይላል። ስድስት ወንዶች ይዘውታል። እኔ ማረጋጊያ መድኃኒቱን፣ ሃሎፔሪዶሉን፣ በመርፌ ስቤ ቆሜያለሁ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል። በዚያው ወር አንድ ታካሚ ፊቴን መትቶኝ ነበር። ፍርሃቴን ለማንም አልተናገርኩም።

ጋሼ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። በኦሮምኛ ውሃ ይጠጣ እንደሆነ ጠየቁት። ሌላ ምንም አላሉም። ልጁ ቀና ብሎ አያቸው። ጠጣ። ሰዎቹን ራቅ አደረጉና እናቱን "አንቺ ፍቺለት" አሏት። ገመዱ ቆዳውን ልጦት ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፦ "ሳትነግሪው እንዳትወጊው፣ ልጄ።" ነገርኩት። እንቅልፍ እንደሚያመጣለት፣ ከአጠገቡ እንደማልርቅ። ክንዱን ራሱ ሰጠኝ።

መጀመሪያ በቃል ማረጋጋት፣ ቀጥሎ መድኃኒት፣ ማሰር የመጨረሻ። ይህን ተምሬ ተፈትኜበታለሁ። ሲደረግ ያየሁት ግን ከጋሼ ነው።

በማግስቱ የልጁ አንገት ወደ ጎን ተጣመመ። እናቱ "መንፈሱ ነው፣ ጸበል እንመለስ!" ብላ ጮኸች። መድኃኒቱ አንዳንዱ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል፤ ማርከሻውን ስንሰጠው ብዙም ሳይቆይ ተመለሰለት። ጋሼም "ጸበሉንም ጠጡ፣ ኪኒኑንም አታቋርጡ" አሏት።

እኔም ለበዓሉ ይህንኑ ልለምናችሁ። ተሻለው ብላችሁ ኪኒን በራሳችሁ አታስቁሙ፤ ብዙዎቹ ተመልሰው የሚመጡብን እንደዚያ ነው። ቤታችሁ ወይ ጎረቤታችሁ የታሰረ ሰው ካለ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ አምጡልን። ልጅ ሆኜ የሰፈራችን ሰው እንደታሰረ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ሲወሰድ አይቻለሁ። ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በገመድ! አሁን እዚሁ ድሬ አለን። ፈርታችሁ እንደምታስሩ አውቃለሁ። እኔም ፈርቻለሁ።

ያ ልጅ ዛሬ ሥራ ጀምሯል። በየወሩ መድኃኒቱን ሊወስድ ይመጣል። በነሐሴ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ጋሼን ሲጠይቅ፣ የነገርኩት እኔ ነኝ። ወንበራቸው አጠገብ ቆሞ አለቀሰ።

እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ እንኳን አደረሰዎት። ነገ ጠዋት ከተረኝነት እንደወጣሁ እመጣለሁ። ቡናውን ሳልደርስ እንዳይጀምሩ። ልጁም እመጣለሁ ብሏል።