ማንጎ ሳልተው ኪሎ የቀነስኩበት መንገድ

ኪሎ ልቀንስ ያለ ሰው መካሪ አያጣም። አንዱ ከዳቦ ያጣላዋል፣ ሌላው ከእራት። እኔን ግራ ያጋባኝ ግን የፍራፍሬ ነገር ነው። ግማሹ ሰው «ተፈጥሮ የሰጠው ነው፣ እንደ ልብ ይበላል» ይላል። ግማሹ ደግሞ ሙዝ እያሳየ «ይሄ እኮ ስኳር ነው» ብሎ ያስፈራራል። ኬክ ለዓመት ባላይ ግድ የለኝም። ማንጎ ሲጠፋ ግን ቅር ይለኛል። ስለዚህ የሁለቱንም ወገን ወሬ ወደ ጎን ትቼ ነገሩን በቁጥር ላጣራ ብዬ ተነሳሁ።

የምበላውን በስልኬ አፕ መመዝገብ ጀመርኩ። የቀን ካሎሪዬን 1,600 ላይ ወሰንኩ። ይህ ለእኔ ቁመትና እንቅስቃሴ የሚሆን ነው፤ ለሌላው ሰው ሌላ ነው። በካሎሪው በኩል ችግር አልነበረም። የስኳሩ መስመር ግን እኩለ ቀን ሳይደርስ ቀይ ይሆናል። ምን በላሁና? አንድ ትልቅ ማንጎና አንድ ሙዝ። ልጣጩና ፍሬው ወጥቶ 300 ግራም የሚመዝን ማንጎ ወደ 41 ግራም ስኳር አለው። መካከለኛ ሙዝ 14 ገደማ ይጨምርበታል። 55 ግራም ማለት ነው፣ ከስኳር ዕቃው አንዲት ማንኪያ እንኳ ሳልነካ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወይ ፍራፍሬውን ይተዋል፣ ወይ አፑን ያጠፋል። ሁለቱም አያስፈልግም። የእኔ አፕ ስኳር ሲቆጥር የማንጎውንና የብስኩቱን አይለይም፤ ሁሉንም ደምሮ ነው የሚያሳየው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያ ግን ይለያቸዋል። ገደብ ያስቀመጠው «ነፃ ስኳር» በሚለው ላይ ነው። ምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር፣ ማር፣ ሽሮፕ፣ የፍራፍሬ ጭማቂም ጭምር እዚህ ውስጥ ይገባል። ሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለው ስኳር አይገባም። መመሪያው ነፃ ስኳር ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ነው። በእኔ 1,600 ላይ ሲሰላ 10 በመቶው 40 ግራም፣ 5 በመቶው 20 ግራም ይመጣል።

ስለዚህ ሒሳቡን ለሁለት ከፈልኩት። በአንድ በኩል ነፃ ስኳር፣ ጣሪያው 20 ግራም። በሌላ በኩል ሙሉ ፍራፍሬ። የፍራፍሬውን ስኳር በግራም መቁጠር አቆምኩና ፍሬውን ራሱን በክብደትና በካሎሪ ያዝኩት፤ በቀን ከ300 እስከ 400 ግራም፣ ከ200 ካሎሪ ብዙም የማይርቅ። ይህ ልክ የራሴ ነው፣ ከመመሪያ የወሰድኩት አይደለም። የቀኑን ካሎሪ አንድ ስምንተኛ ለፍራፍሬ ብሰጥ ለፕሮቲኑም ለአትክልቱም በቂ ይተርፋል ብዬ ያወጣሁት ነው።

«ስኳር ከየትም ይምጣ ስኳር ነው» የሚሉ አሉ። በኬሚስትሪ ከሄድን ልክ ናቸው። ፍሩክቶስ የሚባለው የስኳር ዓይነት የማንጎውም የለስላሳውም አንድ ነው። የሚለየው አብሮት የሚመጣው ነገር፣ የሚገባበት ፍጥነትና መጠኑ ነው። ግማሽ ሊትር ኮላ 53 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ያንን ከሙዝ ላግኝ ብትሉ አራት ሙዝ መብላት አለባችሁ። ለስላሳውን በሁለት ደቂቃ ጨርሶ ምሳ የሚያዝ ሰው ሞልቷል። አራት ሙዝ በልቶ ምሳ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አላየሁም።

እ.ኤ.አ. በ1977 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት አለ። ትንሽ ነው፣ ግን ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ለ10 ጤነኛ ሰዎች አፕል በሦስት መልክ ሰጧቸው፤ ሙሉውን፣ ተፈጭቶ የላመውን፣ ጭማቂውን። የካርቦሃይድሬቱ መጠን እኩል ነበር። ጭማቂው ከሙሉው አፕል በ11 እጥፍ ፈጥኖ አለቀ። ይበልጥ ያጠገበው ሙሉው ነው፤ ጭማቂው ከሁሉም አነሰ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አለ፣ ሜክሲኮ ውስጥ የተሠራ። ካሎሪ የቀነሱ ሰዎችን ለሁለት ከፍለው አንደኛውን ቡድን ከፍራፍሬም ጭምር ፍሩክቶስ አስቀነሱት፤ ሁለተኛው ፍራፍሬውን እየበላ ቀጠለ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ሁለቱም ቡድኖች ኪሎ ቀነሱ። የበለጠ የቀነሰው ግን ፍራፍሬ የሚበላው ነው። ፍራፍሬ ብቻውን ያከሳል ለማለት አይደለም። ፍራፍሬ መተው ግዴታ አለመሆኑን ለማወቅ ግን በቂዬ ነበር።

መጀመሪያ የተነካው ጁስ ነው። አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ለመሙላት ሦስት ወይም አራት ብርቱካን ይሄዳል። እጃችሁ ይደክማል፣ ማጥለያው ላይ የቀረውን ትጥሉታላችሁ፣ ከዚያ በሦስት ጉንጭ ያልቃል። 240 ሚሊ ሊትሩ ወደ 21 ግራም ስኳር ይዞ ይገባል። ፋይበሩ፣ ሆድ የማይፈጨው የፍሬው ቃጫ፣ ግን አንድ ግራም አይሞላም። በእኔ ሒሳብ የቀኑ ነፃ ስኳር በአንድ ብርጭቆ አለቀ ማለት ነው። ሁለት ብርቱካን ልጬ ብበላ 24 ግራም ስኳር አገኛለሁ፣ ተቀራራቢ ነው። ነገር ግን 6 ግራም ፋይበር አብሮ ይመጣል፣ መላጡና ማኘኩም ጊዜ ይወስዳል፣ ሆድም ይይዛል። ስለዚህ ጁስ ሙሉ በሙሉ ባልከለክልም የሚቆጠረው ከብስኩትና ከማር ጎን ነው። እዚያ መስመር ላይ ሲገባ አምሮቱ በራሱ ቀነሰ።

በብሌንደር የሚፈጨውስ? ፋይበሩ አይጣልም፣ ከጁስ ይሻላል። ችግሩ ማሽኑ ሁሉን ይችላል። ሁለት ሙዝ፣ አንድ ማንጎ፣ ማር ጠብ አድርጎበት አንድ ብርጭቆ ይሆናል፤ ሳህን ላይ ቢቀርብ ግማሹን ትተዉት ነበር። እኔ ስፈጭ መዝኜ ነው፣ ስኳር በሌለው እርጎ አወፍረዋለሁ፣ በማንኪያ እበላዋለሁ።

የደረቀ ፍራፍሬ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ውሃው ስለወጣ ስኳሩ ተጨምቆ ይቀራል። 100 ግራም ወይን 16 ግራም ገደማ ስኳርና 70 የማይሞላ ካሎሪ ነው። 100 ግራም ዘቢብ ግን ስኳሩ ብቻ 60 ግራም ይደርሳል፣ ካሎሪው 300 ገደማ ነው። ትልቅ ለስላሳ ቴምር አንዱ 16 ግራም ስኳርና 66 ካሎሪ አለው። ሦስቱ የእኔን የቀን የፍራፍሬ ድርሻ ይጨርሳሉ። ዘቢብ ከነከረጢቱ ይዤ አልቀመጥም። ቴምር ስፈልግ ሁለት አውጥቼ ዕቃውን እከድናለሁ።

ፍራፍሬዎቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚለያዩ ማወቁ ብዙ ረድቶኛል። ከ100 ግራም ውስጥ እንጆሪ 5 ግራም ስኳር ገደማ አለው። ሐብሐብ 6፣ ፓፓያ 8፣ ዘይቱን 9፣ አናናስና አፕል 10፣ ሙዝ 12፣ ማንጎ 14። ዘይቱን በተለይ ተረስቷል፤ 5 ግራም ፋይበር ስላለው ትንሹ ራሱ ያጠግባል። እኔ ማንጎ በምበላበት ቀን ሌላውን ከፓፓያና ከእንጆሪ እሞላለሁ። ማንጎና ወይን አንድ ቀን ላይ አይገናኙም።

ሐብሐብ ላይ ብዙ ወሬ አለ። ግላይሴሚክ ኢንዴክሱ፣ ማለትም የደም ስኳርን ምን ያህል ቶሎ ከፍ እንደሚያደርግ የሚያሳየው ቁጥር፣ ከፍ ያለ ነው፣ እውነት ነው። ግን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ 100 ግራሙ 30 ካሎሪ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ሐብሐብ በ100 ግራም የሚቆም ሰው የለም። አንድ ጎድጓዳ ሳህን በቀላሉ ግማሽ ኪሎ ይይዛል፤ 150 ካሎሪ ሆነ። በተቃራኒው አቮካዶ ስኳር የለውም ማለት ይቻላል፣ በመቶ ግራም አንድ እንኳ አይሞላም። ግን አንድ ሙሉ አቮካዶ 300 ካሎሪ ያልፋል፣ ከቅባቱ ነው። ስኳር ብቻ ሲቆጥር የሚውል ሰው አቮካዶን በነፃ ያሳልፈዋል፣ ከዚያ ሚዛኑ ለምን አልወረደም ብሎ ይጨነቃል።

የወጥ ቤት ሚዛን ግዙ። ከአፑም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። ሳህኑን አስቀምጬ ዜሮ አደርገዋለሁ። ማንጎውን በሁለት ጎን እሸነሽነዋለሁ፣ ሥጋውን ከልጣጩ ፈልቅቄ ሳህኑ ላይ አደርገዋለሁ፣ ቁጥሩን አያለሁ። አንዱ ማንጎ 180 ግራም ይወጣዋል፣ ሌላው 350። «አንድ ማንጎ» ብሎ መመዝገብ እንዴት እንደሚያሳስት ያኔ ነው የሚገባው። ፍሬው ላይ የቀረውን ግን ዕቃ ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ጭማቂው በክርኔ እየወረደ፣ እግጠዋለሁ። እሱን አልመዝነውም። ሁሉም ነገር መዝገብ ከገባ ኑሮው ምኑን ኑሮ ሆነ?

ሰዓቱም ቦታ አለው፣ ሰዎች በሚሉት ምክንያት ባይሆንም። «ማታ የተበላ ፍራፍሬ ስብ ይሆናል» የሚባለውን እርሱት። ወሳኙ የቀኑ ድምር ነው። እኔ አፕል ወይም ብርቱካን ከምሳ ሩብ ሰዓት በፊት ማድረግ የወደድኩት ረሃቤን ስለሚያበርድልኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት ከምሳ በፊት የተቆራረጠ አፕል የበሉ ሰዎች፣ የአፕሉ ካሎሪ ተደምሮም ቢሆን፣ ምንም ቀድመው ካልበሉት ሰዎች 15 በመቶ ያነሰ ካሎሪ ነው የወሰዱት። ጭማቂው ይህን ያህል አልሠራም።

ማታ ያለው አደጋ ሌላ ነው፤ ፍሪጁ። በሩን ከፍቶ ወይን አንድ በአንድ መልቀም ማለቂያ የለውም። ፍሬዋ ትንሽ ስለሆነች አትቆጠርም፣ ዘለላው ሲራቆት ነው የሚነቃው። የእኔ መፍትሔ ወይኑን ከግንዱ አላቅቄ ቀድሜ በትንንሽ ዕቃ 100 ግራም 100 ግራም ማስቀመጥ ነው። አንዳንዱን ፍሪዘር ውስጥ አስገባዋለሁ። የቀዘቀዘ ወይን አፍ ውስጥ ቶሎ ስለማይሟሟ በዝግታ ያስበላል። በዚያ ላይ ጥቂት ለውዝ ወይም እርጎ ከጨመርኩ እስከ መኝታ ይዞኝ ያድራል።

ሰውነት ሚዛን ላይ ሲወጣ የሚመጣ ድንጋጤም አለ። ፍራፍሬ በዝቶ በተበላ ማግስት ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ካርቦሃይድሬት ጡንቻና ጉበት ውስጥ ሲከማች ውሃ ይዞ ነው፤ ሆድ ውስጥ ያለው ምግብም ይመዝናል። የአንድ ማንጎ 180 ካሎሪ በአንድ ሌሊት ግማሽ ኪሎ ስብ አይሆንም። እኔ የሳምንቱን አማካይ ብቻ ነው የማየው። እሱ ደግሞ ቀስ እያለ፣ አንዳንዴም እያናደደ፣ ወርዷል።

የስኳር በሽታ ያለበት፣ ወይም ኩላሊቱን የሚታመምና ፖታሲየም ቀንስ የተባለ ሰው የእኔን ልክ አይውሰድ። የእሱን መጠን ከሐኪሙ ጋር ነው የሚያወጣው።

አሁን ድረስ የሚያስቸግረኝ ሰው ቤት ስሄድ ነው። ገና ሳልቀመጥ ጁስ በትልቅ ብርጭቆ ይቀርባል፣ «ስኳር የለውም እኮ፣ ንጹህ ፍራፍሬ ነው» ከሚል ማረጋገጫ ጋር። በፊት ስለ ነፃ ስኳር ማብራራት እሞክር ነበር፤ የሚሰማ የለም፣ ቤቱም ይቀዘቅዛል። አሁን በትንሽ ብርጭቆ እንዲቀዱልኝ እጠይቃለሁ፣ ቀስ ብዬ እጠጣለሁ፣ ስወጣ 12 ግራም ብዬ ከብስኩቱ መስመር ላይ እጽፋለሁ። የቀረችኝ 8 ግራም ለሻዬ ትበቃለች።