«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያዩታል?»

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። የባንክ ማስታረቂያ (የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከር) እንዴት እንደሚሠራ ጠይቁኝ፣ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝም እመልሳለሁ። ቃለ መጠይቅ ላይ ያስቸገረኝ የሙያ ጥያቄ አልነበረም። ያስቸገረችኝ ከላይ የጻፍኳት ናት። ሦስት ቦታ ተጠየቅኳት፣ ሦስት የተለያየ መልስ ሰጠሁ፣ ሦስቱም ቦታ አልተጠራሁም። በእሷ ምክንያት ብቻ ነው ብዬ መማል አልችልም። ከክፍሉ ስወጣ የምትቆጨኝ ግን እሷ ነበረች።

መጀመሪያ «የፋይናንስ ኃላፊ ሆኜ» አልኩ። ከጠያቂዎቹ አንዷ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና «የፋይናንስ ኃላፊ ጠዋት ቢሮ ሲገባ መጀመሪያ የሚሠራው ምንድን ነው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። አስቤው አላውቅም ነበር። የፈለግኩት የወንበሩን ስም ነው፤ ሥራውን አላውቀውም።

ሁለተኛው ላይ ዝቅ ማለት ይሻላል ብዬ «የሚሰጠኝን ሁሉ በትጋት እየሠራሁ» አልኩ። ሰውየው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወረቀታቸው ላይ ግን ምንም አልጻፉም። ለነገሩ ምን ይጻፉ? ሦስተኛው ላይ ደግሞ እውነቱን ተናገርኩ፤ «የራሴን የሒሳብ ቢሮ መክፈት እፈልጋለሁ» አልኩ። ቀጣሪ አዲስ ሰው ለማሠልጠን ወራት ያጠፋል። እኔ ደግሞ ገና ሳልገባ መውጫዬን ነገርኳቸው። ውሸት ተናገሩ እያልኳችሁ አይደለም። ሰው ብዙ እውነተኛ ምኞት አለው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚነገረው በዚያ ሥራ በኩል የሚያልፈው ነው።

ነገሩ የገባኝ ሰው በመቅጠር ሥራ ላይ ካለች ጓደኛዬ ጋር ሳወራ ነው። «ነቢይ እየፈለግን አይደለም» አለችኝ። «አምስት ዓመት እንላለን እንጂ የምናዳምጠው ዛሬ የጀመርከውን ነው።» ይቺ አባባል ዝግጅቴን ከሥር ለወጠችው።

በማግስቱ የሚቀጥለውን የሥራ ማስታወቂያ አውጥቼ በእርሳስ ማስመር ጀመርኩ። ያሰመርኩት የሥራ መደቡን ስም ሳይሆን ግሶቹን ነው፦ ያስታርቃል፣ ይመዘግባል፣ የወር መዝጊያ ሪፖርት ያዘጋጃል፣ ለኃላፊዎች ያብራራል። ከዚያ ራሴን ጠየቅኩ፦ ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ነው ከዓመት ዓመት ይበልጥ እየተካንኩበት ብሄድ ደስ የሚለኝ? መልሱ ሪፖርቱና ማብራራቱ ሆነ። በኃላፊነት የሚሠሩ ሁለት የማውቃቸውን ሰዎችም ስለ ቀን ውሏቸው ጠየቅኳቸው። ሁለቱም የነገሩኝ ተመሳሳይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚወስደው ሒሳብ ለማያውቅ ሰው ቁጥሩን ማስረዳት ነው። ይኼን ባውቅ ኖሮ የመጀመሪያዋን ጥያቄ መመለስ አያቅተኝም ነበር።

ከዚያ መልሴን ጻፍኩና ጮክ ብዬ እየተናገርኩ ስልኬ ላይ ቀዳሁት። ሦስት ደቂቃ ፈጀ። ሰው ሦስት ደቂቃ ስለ ራሱ ሲያወራ መስማት ይሰለቻል፤ እኔ ራሴ ሰለቸኝ። እየቆራረጥኩ ወደ አንድ ደቂቃ አወረድኩት። ቃል በቃል ስሸመድደው ደግሞ ድምፄ ደረቀ። ስለዚህ ቃላቱን ትቼ ሦስት ነጥብ ብቻ ያዝኩ፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የምጠነክርበት ነገር፣ ከዚያ በኋላ የምረከበው ኃላፊነት፣ ለዚያ አሁን የጀመርኩት ነገር። ሲነገር እንዲህ ይመስላል፦

«መጀመሪያ የወር መዝጊያውን ያለ ስህተትና በጊዜው የሚጨርስ ሰው መሆን እፈልጋለሁ። እሱን ከያዝኩ በኋላ ወደ ሪፖርት ዝግጅት አድጌ ለኃላፊዎች ቁጥሩን የማስረዳ ባለሙያ ብሆን ደስ ይለኛል። ለዚህም ዓለም አቀፍ የሪፖርት ደረጃዎችን በራሴ ጊዜ ማጥናት ጀምሬያለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያለ ማስረጃ አትናገሩ። አራተኛው ቃለ መጠይቅ ላይ ወዲያው «ምን አጠኑ?» ተባልኩ። አይኤፍአርኤስ 16ን አልኩ፤ ከዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች (አይኤፍአርኤስ) የኪራይ ውሎችን የሚመለከተውን። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ነው። ከ12 ወር የማይበልጡ ኪራዮችንና ዋጋቸው አነስተኛ የሆኑ ዕቃዎችን ለይቶ መተው ይቻላል፤ ሌላውን ግን ተከራዩ የመጠቀም መብቱን እንደ ንብረት፣ የሚከፍለውን ደግሞ እንደ ዕዳ ይመዘግባል። አንድ ምናባዊ የቢሮ ኪራይ ወስጄ ኤክሴል ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወር እንደሠራሁት ነገርኳቸው። «ወለዱን በስንት አሰላኸው?» አሉኝ። እርስዎ መባሌ ቀርቶ አንተ ሆንኩ። ስለ ሥራ ማውራት ጀመርን።

ገና መንገዳችሁን ያልለያችሁ ትኖራላችሁ። እሱም ችግር የለውም። ሁለት አቅጣጫ ጥቀሱና የትኛው እንደሚስማማችሁ በዚህ ሥራ ላይ ለማየት እንደምትፈልጉ ንገሯቸው። «አላውቅም» ብሎ መዝጋት ግን ጥያቄውን እንደ ናቃችሁት ያስመስላል።

ሊጨርሱ ሲሉ «ጥያቄ አለህ?» ተባልኩ። ከቤት ይዤው የመጣሁት ነበረኝ፦ «ከእኔ በፊት በዚህ መደብ ላይ የነበረው ሰው አሁን የት ነው?» ሁለት ዓመት ሠርቶ ወደ ሪፖርት ክፍል እንደተዛወረ ነገሩኝ። እኔ የተመኘሁት ክፍል ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተደወለልኝ። አሁን እኔንና ያን ሰው የሚለየን አንድ ግድግዳ ብቻ ነው፤ የኪራይ ውል ሲበዛበት ይጠራኛል።