ወፍራም ፈሳሽ ውስጥ የሚደምቅ ቀለም

ዛሬ ኮምቦልቻ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ያየሁትን ሳልነግራችሁ አልተኛም።

ዲሲቪጄ የሚባል ቀለም አለ። ሞለኪውሉ ቀጭን ፈሳሽ ውስጥ እንደልቡ ይጠማዘዛል፤ የተቀበለውን የብርሃን ጉልበት በሙቀት መልክ ይጨርሰዋል። ወፍራም ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ግን የደሴ ሰኞ ገበያ ግፊያ ውስጥ እንደገባ ሰው መዞሪያ ያጣል። ያኔ ጉልበቱን መልሶ በብርሃን ያወጣዋል።

ሁለት ብልቃጥ አዘጋጀን። አንዱ ውሃ፣ ሌላው ከፋርማሲ የተገዛ ግሊሰሪን፤ ያው ለቆዳ የምንቀባው። ክፍሉን አጨልመን ሰማያዊ ብርሃን ለቀቅንባቸው። ውሃው ያው ጨለማ ነው። ግሊሰሪኑ አረንጓዴ ሆኖ ቦግ አለ! በ20 ዲግሪ ግሊሰሪን ከውሃ ከ1,000 እጥፍ በላይ ዝልግልግ ነው። ብልቃጡን ሙቅ ውሃ ውስጥ ስንነክረው ደግሞ ድምቀቱ እያየነው ከሰመ። ሲሞቅ ይቀጥናላ!

ድምቀትና ውፍረትን የሚያገናኘውን ቀመር ፎርስተርና ሆፍማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1971 አውጥተውታል። እኔን ያስደነቀኝ መለኪያው ራሱ ሞለኪውል መሆኑ ነው። እንዲህ ያሉ ቀለሞች በሕይወት ያለች ሴል ውስጥ ገብተው የውስጧን ውፍረት ይለካሉ።

ቀጥሎ የሞተር ዘይት እንሞክራለን። ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ዘይቱ ያለቀለሙም ስለሚያበራ መጀመሪያ ያንን ብርሃን ለክተን መቀነስ አለብን።