«እኛ ጋ እኮ ታክስ የለም»

የአክስቴ ልጅ ከዳላስ፣ ቴክሳስ በደወለ ቁጥር ስልኩን የሚዘጋው በአንድ ንግግር ነበር፦ «አንተ እዚያ ቨርጂኒያ ተቀምጠህ ገብር፤ እኛ ጋ እኮ ታክስ የለም።» ሰባት ዓመት ሰማሁት። በመጨረሻ ዕቃዬን ጭኜ ሄድኩ።

ከስቴት ታክስ ጋር የተዋወቅኩት ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2015፣ አሌክሳንድሪያ በገባሁ በሳምንቴ ነው። ሃያ ዶላር የተለጠፈበት ጃኬት አንስቼ ሃያ ዶላሬን ዘረጋሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ 21 ዶላር ከ20 ሳንቲም አለችኝ። አገሬ ሳለሁ የተነገረኝን ዋጋ ከፍሎ መውጣት ለምጄ ስለነበር ያታለለችኝ መሰለኝ፤ በኪሴ ሌላ ሳንቲም ስላልነበረ ጃኬቱን ትቼ ወጣሁ። በሰሜን ቨርጂኒያ የሽያጭ ታክሱ ስድስት በመቶ እንደሆነና ዋጋው ላይ እንደማይጻፍ የነገረኝ አልነበረም።

ሁለተኛው ትምህርት የከበደ ነበር። ሥራ ያገኘሁት ወንዙን ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። በተቀጠርኩ ዕለት ከተሰጡኝ ወረቀቶች መካከል የዲሲ ነዋሪ አለመሆኔን የማረጋግጥበት ዲ-4ኤ የሚባል ቅጽ ነበረበት። ስላልገባኝ ባዶውን መለስኩት። ዓመቱን ሙሉ ከደመወዜ ላይ የዲሲ የገቢ ግብር ሲቆረጥ ኖረ፤ እኔም ለመንግሥት የሚገባው እየሄደ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ታክስ የሚሠራልኝ ሰው ደብሊው ቱውን፣ የዓመቱ ደመወዝና የተቆረጠው ግብር የሚጻፍበትን ወረቀት፣ አገላብጦ አየና ሳቀ። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መካከል ለሥራ የሚሻገር ሠራተኛ የደመወዙን ግብር ለሚኖርበት ቦታ ይከፍላል። ዲሲ የወሰደውን መመለስ አለበት፤ ቨርጂኒያ ደግሞ ድርሻውን ከእኔ ይፈልጋል። የቨርጂኒያ የመጨረሻ ቀን ሜይ 1 ነው፤ የዲሲ ተመላሽ ግን በዚያ ቀን አልደረሰልኝም። የእቁብ ጓደኞቼን ለምኜ ዕጣው ቀድሞ እንዲሰጠኝ አድርጌ ከፈልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው፤ ያውም በአንድ ፊርማ ጉድለት።

በነገራችን ላይ የቨርጂኒያ የገቢ ግብር ከሁለት በመቶ ተነስቶ ከፍተኛው 5.75 በመቶ ላይ ይደርሳል፤ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 17 ሺህ ዶላር ካለፈ በቃ፣ እዚያው ነው። የመኪና ማቆሚያ ጠባቂና የልብ ሐኪም ከዚያ በላይ ባለው ገቢያቸው ላይ እኩል መቶኛ ይጣልባቸዋል። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

በኋላ አሮጌ ቶዮታ ስገዛ ደግሞ ከከተማው አስተዳደር ደብዳቤ መጣ። ስገዛው ለስቴቱ ታክስ ከፍያለሁ፤ ይኼኛው ግን መኪናው ተገምቶ በየዓመቱ የሚጠየቅ ነው። የገዛ መኪናዬን የምከራይ መሰለኝ።

እንግዲህ የአክስቴን ልጅ ቃል አምኜ በጁላይ 2022 ቴክሳስ ገባሁ። የመጀመሪያው ደመወዜ ወረቀት ላይ የስቴት ግብር የሚባል መስመር የለም! መኪናዬን ለማስመዝገብ ከሌላው ክፍያ ጋር አዲስ ነዋሪ የሚከፍላት 90 ዶላር ተጨመረችብኝ፤ ይሁን። ሱቅ ስገባ የሽያጭ ታክሱ 8.25 በመቶ ሆኖ ጠበቀኝ፤ 6.25ቱ የስቴቱ፣ ቀሪው የአካባቢው። ለቤት የሚገዛ ያልበሰለ ምግብ ላይ አለመኖሩ ጥሩ ነው፤ ልጆች ላለው ሰው ግን ልብሱና ጫማው ብቻውን ይበቃል።

ቤት ከገዛሁ በኋላ ደግሞ የንብረት ግብሩ መጣ። በአማርኛ ግብር የሚከፈልም የሚበላም ነበር፤ ድሮ የገበረ ሰው ቢያንስ አዳራሽ ገብቶ ይበላ ነበር። እኔ 300 ሺህ ዶላር በተገመተ ቤት ላይ 6 ሺህ ገደማ ተጠየቅኩ፤ ባንኩ በአሥራ ሁለት ወር አካፍሎ ከቤት ዕዳው ጋር ደመረው። ይህን የሚወስደው ስቴቱ ሳይሆን የትምህርት ቤት ዲስትሪክቱ፣ ካውንቲው (እንደ ወረዳ ያለው አስተዳደር) እና ከተማው ነው፤ ትልቁ ድርሻ የትምህርት ቤቱ ነው። ግን ደመወዝ የማይነካ ስቴት ትምህርት ቤቱን በምን ያቆመዋል? የአክስቴን ልጅ ጠየቅኩት። «እኔ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም» አለ። እውነቱን ነው፤ ተከራይ ነው። ደብዳቤው ለአከራዩ ይደርሳል፤ አከራዩ ደግሞ በየዓመቱ ኪራይ ይጨምርበታል። ሁለቱን አገናኝቶ አያውቅም።

ለሚኖሩበት ቤት ቅናሽ እንዳለ የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ለካውንቲው ገማች ቢሮ ማመልከት ነው፣ በነጻ፤ «እናመልክትልዎ» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ደብዳቤዎችን ቀድጄ ጣልኩ። ከ2023 ጀምሮ ለትምህርት ቤቱ ድርሻ ሲሰላ ከቤቱ ግምት ላይ 100 ሺህ ዶላር ይቀነስ ነበር፤ በ2025 ደግሞ 140 ሺህ ሆኗል። እኔ ዓመት ዘግይቼ ባመለክትም ተቀበሉኝ።

አሁን የዘንድሮው ግምት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ቤቴ እንደገና ተወዷል ይላሉ። አቤቱታ የሚቀርበው እስከ ሜይ 15 ስለሆነ ዛሬ ከሥራ መልስ የጓሮውን ግድግዳ ስንጥቅ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፤ እዚህ አፈሩ በድርቅ እየሸሸ መሠረት ይሰነጥቃል። የአክስቴ ልጅ ስንጥቁ ጎልቶ እንዲታይ መብራት ያዘልኝ።